ያልተፈለጠው ጉማጅ

እውነት ነው። በቃ።

መሐላ አልጨምርበትም። ያደግሁት የእግዚአብሔር ስም በከንቱ በማይጠራበት የጴንጤ ቤት ነው። ያመነ ይመን፣ ያላመነ ወደሚቀጥለው ይለፍ።

እዚህ ቻናል ላይ የምትጽፍልኝ ልጄ ቡርቱካን ናት። እኔ አወራለሁ፣ እሷ ስልኳን ትነካካለች። ያማረ ቃል ካገኛችሁ የእሷ ነው። እኔ ዕድሜ ልኬን እንጨት ስፈልጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ወሬዬም እንጨት እንጨት ይላል።

ስሜ ቶሎሳ ይባላል።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሐምሌ 1970 ዓ.ም.። ቦታው ጉለሌ፣ ወደ እንጦጦ ከሚያወጣው መንገድ ገባ ብሎ የሚገኝ ግቢ። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

አዎ... ከቀኑ።

አስፈሪ ነገር የሚመጣው ሲጨልም ብቻ የሚመስላችሁ ያንን ጊዜ ስላላያችሁት ነው።

መጀመሪያ ስለ ወንድሜ ልንገራችሁ።

ኢታና ይባላል። ታናሼ ነው። አባታችን ሲሞት የተወልን መጥረቢያ፣ ከባድ መዶሻና የብረት ሽብልቅ ነበር። እኛም በዚያው እንጀራችንን ጀመርን። በየግቢው እየዞርን እንፈልጣለን።

ቀጭን እንጨት በመጥረቢያ ብቻ ይሄዳል። ወፍራም ጉማጅ ግን፣ በተለይ አንጓ የበዛበት የባሕር ዛፍ ግንድ፣ መጥረቢያውን ነክሶ ያስቀረዋል። እሱ የሚገባው ቋንቋ ሽብልቅ ነው። አንዱ ሰው ተንበርክኮ ሽብልቁን ስንጥቁ ላይ በእጁ ያቆማል። ሌላው በመዶሻ ይመታል።

አያችሁ አይደል? የአንዱ እጅ ያለው የሌላው መዶሻ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው።

ስለዚህ አባታችን ሕግ ነበረው። ሽብልቁን የያዘው ሰው እጁን ያነሳና ከመቺው ኋላ ይሄዳል፤ መዶሻው ሲነሳ ከማይደርስበት ራቅ ብሎ ይቆማል። ከዚያ "ለቀቅኩ!" ይላል። ያንን ቃል ሳይሰማ መዶሻ አይወርድም። ንጉሥ ቢያዝም አይወርድም።

ሌላም ሕግ ነበረው። መዶሻ ወይም መጥረቢያ ወደ ላይ አንስተህ ፊትህን አታዙር። ከኋላህ ቤት ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ አውርድ፣ ከዚያ ዙር። የዞረ ሰው ወይ የራሱን እግር ወይ የሰው ራስ ይመታል። አባታችን ይህንን ሲያስተምረን በኩርኩም ነበር፤ ስለዚህ አንረሳውም።

ኢታና ብዙ ጊዜ ሽብልቅ ያዥ ነበር። ግራኝ ነው። እየዘፈነ... አይ፣ መዝሙር ነው የሚዘምረው፣ ግን እንደ ዘፈን ያፈጥነዋል። እናታችን ዓለሜ በዚህ ትቆጣዋለች። ዓለም ላይ እኔን "ጋሼ" ብሎ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነበር። በመካከላችን ያለው ዕድሜ ለጋሼ የሚያበቃ አልነበረም፤ ሲያሾፍብኝ ጀምሮት ልማድ ሆኖ ቀረ።

ግንቦት ላይ ወሰዱት።

ከሰው ግቢ ስንፈልጥ ውለን ወደ ቤት እየገባን ነበር። ጠብመንጃ የያዙ ሰዎች አስቆሙን። "ለአንድ ጥያቄ ትፈለጋለህ" አሉት። ለአንድ ጥያቄ! ጸጉሩ ላይ የእንጨት ብናኝ እንዳለ ሄደ።

እናቴ ምግብ ቋጥራ ያልዞረችበት የእስር ቦታ የለም። በሁሉም በር መልሱ አንድ ነው። "እዚህ የለም። ሌላ ቦታ ጠይቂ።"

ሞተ ያለን የለም። አለ ያለንም የለም።

ከዚህ የባሰ ነገር አላውቅም። የሞተ ሰው ይለቀስለታል። የታሰረ ሰው ይጠበቃል። እኛ ግን የቱን እንደምናደርግ እንኳ አናውቅም ነበር። እናቴ ማታ ማታ በር ሳትቀረቅር ትተኛለች። ቢመጣ እንዳያንኳኳ።

እኔ ብቻዬን መሥራት ጀመርኩ። ሰው መቅጠር አልፈለግሁም። ሽብልቁን በመጥረቢያው ጀርባ ቀስ ብዬ መታ መታ አድርጌ ግንዱ ላይ አቆመዋለሁ። ከዚያ መዶሻውን አነሳለሁ።

ያኔ አንድ ልማድ አልለቅ አለኝ።

መዶሻውን አንስቼ... እጠብቃለሁ።

ቃሉን።

ማንም እንደሌለ አውቃለሁ። ግን ክንዴ ሳይሰማ አይወርድም። ትንሽ ቆሜ፣ ለራሴ "የለም እኮ" ብዬ፣ ከዚያ እመታለሁ። በየጉማጁ እንዲህ ነው። የጎዳኝ ይህ ልማድ ይሁን የጠቀመኝ እስካሁን አላውቅም።

ያን ቀን ካፊያ ነበር። ጭጋጉ ከእንጦጦ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል። መሣሪያዬን ተሸክሜ ስሄድ አንዲት ሴት ከአንድ ግቢ በር ላይ ጠራችኝ።

"ልጄ! ፈላጭ አይደለህ? ና እስቲ።"

ወይዘሮ ገበያነሽ ናቸው። የቀጨኔ ሰው ናቸው፣ በዓይን አውቃቸዋለሁ። እዚያ ግቢ ወጥ ቤት እንደሚሠሩ ሰፈሩ ያውቃል።

ግቢውንም ሰፈሩ ያውቃል። ቪላ ነው፤ ባለቤቱን ወርሰውት ጥበቃዎች ገብተውበታል። ሰዎች በመኪና ሲገቡ ይታያል። ሲወጡ ያየ የለም። ሰው በዚያ ሲያልፍ ወሬውን ያቆማል፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ። እናቴም እዚያ በር ላይ ምግብ ይዛ ቆማ ነበር። "እዚህ እስረኛ የለም" ብለው መልሰዋታል።

እስረኛ ከሌለ ይህ ሁሉ እንጨት ለማን ምግብ ነው? ይህን በልቤ ብዬ ገባሁ።

በሩ ላይ መሸሻ የሚሉት ጥበቃ ነበር። ጠብመንጃውን ከካፖርቱ ሥር ከዝናብ ደብቆታል። ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"ሥራህን ሥራ። ዓይንህን ግንዱ ላይ። ሳትጨርስ አትወጣም። ገባህ?"

"ገባኝ።"

ወይዘሮ ገበያነሽ በቪላው ጎን አድርገው ወደ ጓሮ መሩኝ። መንገድ ላይ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

"በሉ እንግዲህ ተጋግዛችሁ ቶሎ ጨርሱልኝ። ምድጃዬ እየጠፋ ነው።"

"ከማን ጋር ነው የምንጋገዘው?"

"ከጓደኛህ ጋር ነዋ። ግራኙ ልጅ። ጠዋት ገብቶ ጀምሮታል እኮ።"

እግሬ ቆመ።

"ምን ዓይነት ልጅ?"

"ምን ዓይነት ትለኛለህ... ቀጭን፣ ጸጉሩ ላይ ብናኝ የሞላበት። አይናገርም። ሰላም ብለው ዝም አለኝ።"

ሴትየዋ ወደ ወጥ ቤታቸው ገቡ። እኔ ሮጥኩ። መሸሻ "ዓይንህን ግንዱ ላይ" ያለኝን ረስቼ ሮጥኩ። በሕይወት አለ! እንጨት እያስፈለጡት ነው! የዚያን ጊዜ ደስታዬን መናገር አልችልም።

ጓሮው ውስጥ ማንም አልነበረም።

በአንድ በኩል ያልተፈለጠ ጉማጅ ተከምሯል። በሌላው በኩል የተፈለጠ እንጨት ተደርድሯል። መሐል ላይ መፍለጫ ጉቶ። ዙሪያውን ከፍ ያለ የድንጋይ አጥር፣ ከአጥሩ በላይ ጭጋግ።

የተፈለጠውን አንስቼ አየሁት። ትኩስ ነው። ውስጡ ነጭ፣ ገና እርጥበቱ ጣት ላይ የሚጣበቅ። የመጥረቢያው ምት ሁሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነበር።

የግራኝ ምት።

"ኢታና?" አልኩ ቀስ ብዬ።

ካፊያው ብቻ።

ለምሳ ወስደውት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ይመለሳል። ሥራዬን ብጀምር፣ ሲመለስ ያገኘኛል። ሰው ተስፋ ሲይዘው ጅል ይሆናል፤ እኔም ሆንኩ። እግሬን ከፈት አድርጌ ቆምኩ። የመዶሻውን ራስ ነቀነቅሁት፣ ከዛቢያው ጋር ጠብቋል። ጉማጁን ጉቶው ላይ አስቀምጬ ሽብልቁን አቆምኩ።

መዶሻውን አነሳሁ።

እንደ ልማዴ ጠበቅሁ...

"ለቀቅኩ።"

ከኋላዬ ነው።

ትክክለኛው ቦታ ላይ። ሽብልቅ ያዥ የሚቆምበት ርቀት ላይ።

ክንዴ ወረደ። እኔ አላወረድኩትም፤ ቃሉን ሲሰማ በራሱ ወረደ። ጉማጁ ለሁለት ተሰነጠቀ። መዶሻውን ጥዬ ዞርኩ።

ማንም የለም።

መሬቱ ጭቃ ነው፣ ሁሉ ቦታ ርሷል። ከኋላዬ ግን... ሁለት እግር የሚያክል ደረቅ መሬት ነበር። ጎንበስ ብዬ ነካሁት። አቧራ ነው።

ሐምሌ ላይ፣ በካፊያ መሐል፣ አቧራ።

እያየሁት ካፊያው አረፈበት። ቀስ ብሎ ጠቆረ። ከዚያ እንደ ሌላው መሬት ሆነ።

መሸሽ ነበረብኝ ትሉ ይሆናል። ልጄም አሁን እየጻፈች እንዲያ ብላኛለች። ወንድማችሁ ጠፍቶባችሁ ያውቃል? ካላወቃችሁ ስለመሸሽ አትንገሩኝ።

ሁለተኛ ጉማጅ አስቀመጥኩ። ሽብልቁን አቆምኩ። መዶሻውን አነሳሁ።

"ለቀቅኩ።"

አሁን አልመታሁም። መዶሻውን ከራሴ በላይ እንደያዝኩ፣ ሳልዞር፣ በሹክሹክታ ጠየቅሁ።

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

እንባዬ መጣ። እጄ መዶሻው ላይ ስለሆነ መጥረግ አልቻልኩም።

"የት ነህ?"

"እዚሁ።"

"ጎዱህ?"

መዶሻውን ይበልጥ አጥብቄ ያዝኩት።

"ኢታና፣ ጎዱህ ወይ?"

"ምታ ጋሼ። እያዩ ነው።"

መታሁ። ስዞር ደረቅ መሬት ብቻ። "ኢታና! ኢታና!" አልኩ። መልስ የለም።

ያኔ ነገሩ ገባኝ። የሚናገረው መዶሻው ወደ ላይ ተነስቶ ሳለ ብቻ ነው። ያም ማለት ማየት በማልችልበት ጊዜ ብቻ። አንዷ ጉማጅ ለአንድ ጊዜ ናት። ከተፈለጠች አለቀ። ሌላ ጉማጅ ይዤ መምጣት አለብኝ።

ክምሩን ዞሬ አየሁት። ትልቅ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ፣ ትልቅ ስለሆነ።

እንዲያ ቀጠልን። አነሳለሁ፣ እንነጋገራለን፣ ክንዴ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እመታለሁ። ከባድ መዶሻ ከራስ በላይ ይዞ ማውራት ቀላል አይምሰላችሁ። ትከሻዬ እሳት ሆነ። ግን አንድ ቃል ለመጨመር ብዬ ጥርሴን ነክሼ እይዘዋለሁ።

"እማዬ ትጠብቅሃለች።"

"አውቃለሁ።"

"በሩን አትቀረቅርም።"

"ትቀርቅር ጋሼ። ብርድ ይገባል።"

በሌላው ጉማጅ፣

"መቼ ነው የሚለቁህ?"

እጄ ሊከዳኝ ደረሰ።

"ምታ።"

ወይዘሮ ገበያነሽ ዳቦ ይዘው መጡ። አንዱን ለእኔ ሰጡኝ። ሌላውን ይዘው ከኋላዬ አለፉ፣ ጎንበስ ብለው መሬት ላይ በሰሐን አስቀመጡት።

"ብላ ልጄ። አትፈር።"

ከእኔ ጋር አልነበረም የሚያወሩት።

"ምን ያዩታል?" አልኳቸው።

"ማንን?"

"እሱን።"

"እንዴት ምን አየዋለሁ? ልጅ ነው እንጂ። ብርዱ ገድሎታል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። አንተ ደግሞ ጓደኛህን አትቆጣው፣ ያሳዝናል!" ብለውኝ ሄዱ።

ሰሐኑን አየሁት። ዳቦው ብቻውን እርጥብ መሬት ላይ፣ አጠገቡ ያ ደረቅ ቦታ።

እሳቸው ያዩታል። እኔ፣ ወንድሙ፣ አላየውም።

ይህ ከሁሉም በላይ አናደደኝ። ከፍርሃቱ በላይ። ምን በድዬ ነው ብዬ ከአምላኬ ጋር ተጣላሁ።

ክምሩ አጠረ። ቀስ ብዬ መሥራት ጀመርኩ። መሸሻ ከቪላው ጎን ብቅ አለ።

"ምንድነው የምትጎትቱት? ሁለት ሆናችሁ እስካሁን አልጨረሳችሁም?"

እሱም ሁለት አለ።

መዶሻውን አንስቼ ነበር። ስለዚህ አልዞርኩም። መሸሻ ግን ከፊት ለፊቴ ነው የቆመው፤ ፊቱ ይታየኛል። ከትከሻዬ በላይ ወደ ኋላዬ አየ።

"አንተ። ቀና በል።"

ከኋላዬ ድምፅ የለም።

"ቀና በል እልሃለሁ! ይሄን ልጅ የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ መሰለኝ..."

አንድ እርምጃ ቀረበ። ጭጋጉን ለማጥራት ዓይኑን ጠበብ አደረገ።

ከዚያ ፊቱን አየሁ።

ደሙ ከፊቱ ሲሸሽ አየሁት። መጀመሪያ ግንባሩ፣ ከዚያ ጉንጩ፣ ከዚያ ከንፈሩ ነጣ። ጠብመንጃው ከካፖርቱ ሥር ተንሸራቶ ጭቃ ላይ ወደቀ። አላነሳውም።

"አንተን እኮ..." አለ።

አልጨረሰውም።

"አንተን እኮ እኔ ራሴ..."

እጁን አፉ ላይ አደረገ። ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሄደ፣ ጀርባው ከቪላው ግድግዳ ጋር እስኪጋጭ። ከዚያ ዞሮ ሮጠ።

እኔ መዶሻውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ከግንቦት ጀምሮ በየበሩ ስንለምነው የነበረውን መልስ አገኘሁት። በወረቀት አይደለም፣ በአፍ አይደለም። በአንድ ሰው ፊት ላይ።

"ኢታና" አልኩ። "እሱ ነው?"

"ምታ ጋሼ።"

"እሱ ነው ወይ?"

"ሌሎችም ነበሩ። ምታ።"

መታሁ። ጉማጁ ላይ የመሸሻን ፊት አድርጌ መታሁት። ምንም አልቀለለኝም።

ጠብመንጃው ጭቃው ላይ ተኝቷል። አየሁት፣ አዎ፣ አየሁት። ባነሳው፣ ከዚያስ? ቪላው ሙሉ ነው። እማዬ ሁለት ልጅ ነው ያላት፤ አንዱ ሄዷል። ተውኩት።

ወይዘሮ ገበያነሽ ከወጥ ቤቱ ተጣሩ። "እንጨት! እሳቱ ጠፋ እኮ!"

ቀጠልኩ። ምን አማራጭ ነበረኝ? ካቆምኩ ድምፁ ይጠፋል። ከቀጠልኩ ክምሩ ያልቃል። በሁለቱም አጣዋለሁ። የዚያን ዕለት ከሰዓት ያ ነበር ሥራዬ፣ ወንድሜን በገዛ እጄ ጉማጅ በጉማጅ መጨረስ።

"ከዚህ ላውጣህ" እለዋለሁ። "እንዴት ላውጣህ? ንገረኝ።"

"በረደኝ ጋሼ" ይላል።

"የት አድርገውሃል? ቦታውን ንገረኝ፣ መጥቼ ልውሰድህ።"

"አላውቀውም። ጨለማ ነው። ብዙ ነን።"

በየጉማጁ ድምፁ እየቀነሰ መጣ። መጨረሻ አካባቢ "ለቀቅኩ" የሚለውን እንኳ ለመስማት ትንፋሼን መያዝ ነበረብኝ።

አንድ ጉማጅ ቀረ።

አጭር ነው፣ ክንድ የማይሞላ። ወፍራም ግን ነው፣ ዙሪያውን አንጓ። ማንም ፈላጭ ወደ መጨረሻ የሚተወው ዓይነት። ጉቶው ላይ አቆምኩት። ሽብልቁን መታ መታ አድርጌ አስገባሁ። መዶሻውን አነሳሁ።

ጠበቅሁ...

ምንም።

"ኢታና?"

ምንም።

ካፊያው ዓይኔ ውስጥ ገባ። "ኢታና፣ ለቀቅክ?"

ጭጋጉ ወርዶ አጥሩን ውጦታል። ወጥ ቤቱም ዝም፣ ቪላውም ዝም። ከዚያ ድምፁ መጣ።

ከኋላዬ አይደለም።

ከፊት ለፊቴ ነው። ከታች። ከጉቶው ላይ።

"ጋሼ... አትምታ።"

ከዚያ በኋላ መዶሻውን እንዴት እንዳወረድኩት አልነግራችሁም፣ አላውቀውማ። ወደ ጎን ጣልኩት መሰለኝ። ትከሻዬ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ፤ እስከ ዛሬ ክረምት በመጣ ቁጥር ያመኛል። ጭቃው ውስጥ ተንበርክኬ ጉማጁን አቀፍኩት። ሽብልቁን በጣቶቼ ነቅዬ አወጣሁት። ጥፍሬ ተነቀለ፣ አልተሰማኝም።

ዙሪያዬን አየሁ። ደረቅ መሬት የትም አልነበረም።

ጉማጁን በጋቢዬ ጠቅልዬ ተሸከምኩት። መሣሪያዬን እዚያው ተውኩ። የአባቴን መሣሪያ።

ወይዘሮ ገበያነሽ በወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው ነበር።

"ጓደኛህስ?"

የተሸከምኩትን አዩ። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

"መድኃኔዓለም..." አሉ። ቀጥለውም በሹክሹክታ፣ "እናት አለው?"

"አለችው።"

"ድንኳን እንዳትጥሉ ልጄ። ድምፅ እንዳታሰሙ። ያለቀሰውንም ይወስዱታል። ሂድ፣ ቶሎ ሂድ።"

በሩ ላይ መሸሻ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሯል። ፍተሻ የለ፣ ጥያቄ የለ። ሳልፍ እንኳ አልዞረም።

"ይዘኸው ሂድ" አለ ለግድግዳው። "ይዘህልኝ ሂድ፣ በናትህ።"

ሄድኩ።

እቤት ስደርስ እናቴ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። ፊቴን፣ ከዚያ የተሸከምኩትን። እኔም እንዴት እንደምነግራት ሳላውቅ፣ የኢታና አልጋ ላይ አስቀመጥኩት።

ተነስታ መጣች። መዳፏን ልጣጩ ላይ አሳረፈች። ቆየች...

"ሰውነቱ ቀዝቅዟል" አለች።

ብርድ ልብሱን አምጥታ አለበሰችው። ከዚያ ወደ በሩ ሄደች፣ ቀረቀረችው። ከግንቦት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። መቀርቀሪያው ሲገባ የሰማሁትን ያህል ልቤን የሰበረው ነገር የለም። ከዚያ ትራስ አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች፣ ጎረቤት እንዳይሰማ። እኔም እንደዚያው።

በማግሥቱ ጠዋት እናቴ ቀሰቀሰችኝ።

"ና እይ።"

ብርድ ልብሱ ሥር አሳየችኝ። ትናንት ክንድ የማይሞላው ጉማጅ ከክንድ አልፎ ነበር።

ተያየን። በዚያ ዘመን ቤት ውስጥም ብዙ ነገር አይነገርም ነበር።

ደርግ ወደቀ። ሰዎች አፈር እየቆፈሩ የልጆቻቸውን አጥንት በሹራባቸው፣ በጫማቸው እየለዩ አወጡ። እኔና እናቴም በየጉድጓዱ አፋፍ ቆመን አየን። የኢታና የሚባል ምንም አልተገኘም። መሸሻ ወዴት እንደገባ አልሰማሁም። መሣሪያዬን ፍለጋ ያ ግቢ አልተመለስኩም።

አልጋው ግን አለ።

ልጄ እዚህ ላይ መጻፍ አቁማ አየችኝ። ልጅ ሆና ያ ክፍል ለምን እንደሚዘጋ ስትጠይቀኝ እቃ ቤት ነው እላት ነበር።

እናቴ እስክትሞት ድረስ ብርድ ልብሱን እየቀጠለች ትሰፋው ነበር። መጀመሪያ በአሮጌ ቀሚሷ ቁራጭ፣ ከዚያ በጋቢ ጨርቅ። ብዙ አይደለም፣ በየክረምቱ ትንሽ ትንሽ። ለምን እንደምትቀጥለው ጠይቄያት አላውቅም። ስፌቷን ብቻ አያለሁ፣ እየደረደረችው ወደ አልጋው እግር ሲወርድ።

እሷ ካረፈች ወዲህ የሰፋው የለም።

ትናንት ጠዋት በሩን ከፍቼ ገባሁ። ዝናብ ያደረ ዕለት ነው፣ ክፍሉ ቀዝቅዟል። ብርድ ልብሱ ወደ ላይ ተስቧል፣ እስከ ትራሱ ድረስ፣ የሚበርደው ሰው እንደሚስበው። እግር በኩል ከአልጋው ጠርዝ አልፎ የወጣውን አየሁት።

ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር... እንደ ሁለት እግር ጎን ለጎን፣ ቀጭን፣ ጭቃ የነካው።